ኦይሳራ የጨረሰችው ቅጠል

ኦይሳራ ፎቶ የምታነሳው ጠዋት፣ ብርሃኑ ገና ለስላሳ ሳለ ነው። ነጭ አንሶላ መስኮቷ ሥር ታነጥፍና በሐር ክር የጠለፈቻትን ትንሽ ቦርሳ ታስቀምጥበታለች። የባሏ ወንድም ሚስት ሙናቫር ደግሞ በወዲያ በኩል ነጭ ካርቶን ይዛ ብርሃኑን ወደ ቦርሳዋ ትመልሳለች። ከእኛ ከኡርጉት ከተማ ሴቶች መጥለፍ የማታውቅ የለችም፤ ጥልፏን በስልክ ለዓለም መሸጥ የጀመረችው ግን ከሰፈራችን እሷ ናት። እኔ አጥር የምጋራት ጎረቤት ስለሆንኩ ጨዋታቸው ሁሉ ይደርሰኝ ነበር።

«እትዬ፣ ክንዴ ዛለ እኮ! ይቺ ቦርሳ ሙሽራ ናት እንዴ፣ እንዲህ የምትሽሞነሞነው?»

«ዝም ብለሽ ያዢ። ደሞ ጣትሽ ገባብኝ።»

«ይግባ! ቆንጆ ጣት ነው፣ ምናልባት እሱንም ይገዙሽ ይሆናል።»

የሙናቫር ጣት ከነቀለበቱ ሁልጊዜ ፎቶው ጠርዝ ላይ ይገባል። ኦይሳራ ፎቶውን ትልክላታለች፤ ሙናቫር ጠርዙን ቆርጣ ኦይሳራ የምትሸጥበት ገጽ ላይ ትለጥፈዋለች። በስልክ ነገር ቀልጣፋዋ ሙናቫር ነበረች።

እኛ ጋ እናት ስትጠልፍ አንዲት ቅጠል ሳትጨርስ ትተዋለች። ቀሪውን ልጇ ትቀጥለዋለች፣ ቤቱም ሠርግ አያጣም እንላለን። ኦይሳራም በየቦርሳው ላይ ግማሽ ቅጠል በሴት ልጇ በሻህሎ ስም ትተው ነበር። ገዢ ኋላ እንዳይከፋው ብላ ያችኑ ቅጠል አቅርባ ፎቶ ታነሳታለች። እንዲያውም ወደዱላት! «ግማሽ ቅጠል ያለባትን» እያሉ ያዝዙ ጀመር፤ ቅጠሏን ያየ ሁሉ የኦይሳራ እጅ መሆኑን ያውቃል።

ባለፈው መኸር እኔና እሷ ክር ልንገዛ የእሁድ ገበያ ወጣን። አንድ ነጋዴ ፊት በማሽን የተሠራ ቦርሳ እንደ ድንች ተከምሯል። ኦይሳራ አንዱን አነሳች፤ ግማሽ ቅጠል። ሌላውን አነሳች፤ ግማሽ ቅጠል፣ ያውም እዚያው ቦታ ላይ። ማሽን ምን ያውቃል፣ ያሳዩትን ጠለፈ። እኔማ ሳቄ መጣ፤ ማሽን ደግሞ የማን ልጅ ሊድር ነው? ኦይሳራን ዞር ብዬ ሳያት ግን ሳቄ ጠፋ።

«ይሄን ንድፍ ከየት አገኛችሁት?» አለችው።

«ከንድፉ ባለቤት ገዝተን ነዋ፣ እህቴ! ካላመንሽ ፎቶውን ላሳይሽ።»

ስልኩን ዘረጋላት። የኦይሳራ መስኮት፣ የኦይሳራ አንሶላ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ጣት ከነቀለበቱ። ጠርዙ ያልተቆረጠው ፎቶ ከኦይሳራና ከሙናቫር ስልክ ውጪ የትም አልነበረም። ኦይሳራ ክሩንም ሳትገዛ ወደ ቤት ተመለሰች።

ሙናቫር ግቢ ውስጥ የዳቦ ሊጥ ስታሽ አገኘናት። ንድፉን ስለመሸጧ ስትጠየቅ አልካደችም።

«እትዬ፣ አንቺ ለአንድ ቦርሳ ስንት ቀን ትፈጂያለሽ! ሰው ደሞ ይፈልጋል። ምን ላድርግ?»

«ልትነግሪኝ አፍ አልነበረሽም?»

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«አልልም ነበር!»

«ታዲያ!» ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች። እንደው ለወጉ እንኳ አላፈረችም። እስከ ዛሬ ያቺ «ታዲያ» ታንገበግበኛለች። የኦይሳራ ባል ይባስ ብሎ «የቤት ገመና ነው፣ ሰው እንዳይሰማ» አለና ወንድሙ ዘንድ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ኦይሳራ በሁለቱም የተሰማትን ስትነግረኝ፣ «በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረጉኝ» ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲህ የገዛ ደንበኞቿ ይሰድቧት ጀመር። «የፋብሪካ ዕቃ በእጅ የተሠራ ትያለሽ፤ ግማሽ ቅጠሉ ያስታውቃል» ብለው ይጽፉላታል። መርፌዋንም እጇንም ፎቶ አንስታ ብታሳያቸው የሚያምናት ጠፋ።

ትናንት ጠዋት ልጠይቃት ጎራ አልኩ። ብቻዋን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አዲስ ቦርሳ ላይ ትጠልፋለች። ሻህሎ ትምህርት ቤት ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ድንገት ቀና አለች።

«እማዬ! እሱ የኔ ቅጠል አይደል እንዴ? ለምን ትጨርሺዋለሽ?»

ኦይሳራ ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው።

«ያንቺን ሸጡት፣ ልጄ» አለቻት፤ ከዚያ ቦርሳውን አንሶላው ላይ አስቀምጣ የሞላውን ቅጠል ፎቶ አነሳችው።