ጋሻዬን ይዤ የቆምኩበት ዓርብ

ሰው ከሚናገርብኝ ቂልነቴን ራሴ ልናገር። ሃምሳን ልደፍን ትንሽ ሲቀረኝ የተኩስ ጌም ተጫዋች ሆንኩ። እሱስ ይሁን፣ ሰው ከዚህ የባሰም ይሆናል። የኔ ቂልነት ሌላ ነው። በጌሙ ውስጥ ከጓደኛ ጋር ለማውራት አንድ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሲለቁት ማይክራፎኑ ይዘጋል። እኔ መሮጡና መተኮሱ ራሱ ጣቶቼን አቆላልፎብኛል፣ በዚያ ላይ ሌላ ቁልፍ ከየት አምጥቼ? የጌም ቤቷን ባለቤት "ይኼን ነገር ሁልጊዜ ክፍት አድርጊልኝ" ብዬ ነዘነዝኳት።

"ጋሼ፣ ሲያስሉም ሲያዛጉም ይሰማል እኮ" አለችኝ።

"ይሰማ! እኔ ምን ምስጢር አለኝ?"

ከፈተችልኝ። እንዴት እንደሚዘጋ ግን አልጠየቅኳትም።

እዚያ ቤት የገባሁት ጎረምሳ መሆን አምሮኝ አይደለም። ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር። በኋላ እመቤቲቱ "ሥራ ያስፈታሻል" ብላ ስልኳን ወሰደችባት። የቤቱ ልጅ ግን፣ ኮረዳ ናት፣ ይኼን ጌም ትወዳለች። አምስት ለአምስት ሆነው ነው የሚጫወቱት፤ ሁሉም የየራሱ ችሎታ ያለውን ሰው ይመርጣል። አንዱ ጭስ ይበትናል፣ አንዱ ይሰወራል፣ አንዷ የቆሰለ ታክማለች። ማከም የሚወድ ተጫዋች አይገኝም፤ ሁሉም መግደል ነው የሚፈልገው። ልጅቷ ሰው ሲቸግራት እህቴን አስቀምጣ አስተማረቻት። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አሮጊት ስታገላብጥ የምትከርም ልጅ፣ ዓርብ ደግሞ የሰው ቁስለኛ ስታክም ትውላለች።

አንድ ቀን ስልክ ለደቂቃ ስታገኝ ደወለችልኝ። "እዚያ መካነ ሰላም ከተማ ጌም ቤት ተከፍቷል አሉ። ዓርብ ከሰዓት እመቤቲቱ ትተኛለች። ግባና እዚያ ውስጥ ፈልገኝ" አለች።

ገባሁ። ባለቤቷ ራሷ ከዓረብ አገር ተመላሽ ናት፤ ነገሩን ሁለት ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንኳ የሷ መስመር አንዳንዴ ይሠራል። ለኔ ግንብ የሚያህል ሰውዬ መረጠችልኝ። ችሎታው ከፊቱ ጋሻ መዘርጋት ነው። ሥራዬ ጋሻዬን ዘርግቼ ከጓደኞቼ ፊት መቆም ብቻ ነበር። እኔ ግን ጋሻውን እረሳና እየፎከርኩ ብቻዬን እሮጣለሁ። መስመሩ ስለሚንቀራፈፍ ደግሞ፣ ጠላቴን ሳየው ከሞትኩ ቆይቻለሁ።

"ወንድምዬ፣ ደግሞ ሞትክ?" ትለኛለች እህቴ።

"አልሞትኩም፣ ጋደም ብዬ ነው።"

"በዓረብኛ ምን እንደሚሉህ ብታውቅ!"

"ምን ይሉኛል?"

"አህያ።"

"ባለ ጋሻ አህያ በያቸው፤ ማዕረጌን አይቀንሱብኝ።"

ትስቃለች። እኔም ለሷ ሳቅ ስል ነው የምሞተው።

አንድ ዓርብ እማዬን ይዣት ሄድኩ። ማዳመጫውን በሻሿ ላይ ደፋንላት። ተኩሱን ስትሰማ አማተበች።

"ልጄ የትኛዋ ናት?"

"ያቺ አረንጓዴ የለበሰችው።"

"ማነው የሚተኩስባት?"

"ጨዋታ ነው እማዬ።"

"ጨዋታስ ቢሆን! አንተ ይኼን ሁሉ ገላ ተሸክመህ ወዴት ነው የምትሮጠው? ከፊቷ ቁም እንጂ!"

እህቴ ከዚያ ማዶ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወዲህ እማዬ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ከፊቷ ቆምክ?" "ቆምኩ" እላታለሁ። ቆሜ አላውቅም።

እማዬ አንድ ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። በዚያው ቀን ቀበርናት። ከቀብር መልስ ዘመድ ተቀምጦ መጀመሪያ የተስማማው ለልጅቷ እንዳይነገራት ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ለብቻ አይሰማም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ሰው አገር ላለ ደግሞ እስኪመጣ ይደበቃል። ያለ ነገር አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ የአባቷን መርዶ እዚያው ሆና በስልክ ሰማች። የሚይዛት ሰው አልነበረም። እሷንም ብዙ ሳይቆይ በሳጥን ተቀበልናት። የኔ እህት ግን በእግሯ ገብታ፣ በወጉ ተነግሯት፣ በወጉ ተይዛ ታለቅሳለች አልን።

ዓርብ ደረሰ። ዓርብ ደግሞ የእማዬ ሣልስት ነው። ብቀር እህቴ ትጠረጥራለች፤ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ቀርቼ አላውቅም። ከድንኳኑ "መጣሁ" ብዬ ወጣሁና፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ጢሜ እንዳደገ ጌም ቤት ገባሁ። ልጆቹ ሲያዩኝ ማዳመጫቸውን እያወለቁ ብድግ አሉ። ባለቤቷ ቀደመቻቸው።

"ማንም እግዜር ያጥናዎት እንዳይል! ድምፁ ይሄዳል!"

ያን ቀን እንደቀለድኩት በዕድሜዬ ቀልጄ አላውቅም። እየሮጥኩ ገደል ገባሁላት። የራሳችንን ሰው በጠላት ፋንታ አሳደድኩላት።

"እማዬስ?" አለችኝ መሀል ላይ።

"ደህና ናት። ከፊቷ ቁም እያለች ነው የምትነዘንዘኝ።"

"ድምፅህ ምን ሆኗል?"

"ጉንፋን ነው።"

"ዳማ ከሴ ጠጣበት እንጂ!"

"እሺ" ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ መንገድ ድረስ ተሰማ።

መንገድ ላይ ደግሞ ሰው አለ። እኔ ከመመለሴ ወሬው ድንኳኑ ደርሷል፦ የእናቱ አፈር ሳይደርቅ ሲስቅ ተገኘ። ልመልስ ብል፣ ምን ብዬ? የዚህ ከተማ ግማሹ ዓረብ አገር ልጅ አለው፤ ምክንያቴን ከተናገርኩ ወሬው ከኔ ቀድሞ እሷ ጋ ይገባል። የእድር ሰዎች እጃቸውን ሲሰጡኝ ጫፉን ብቻ ይሰጡኝ ጀመር። አልፈርድባቸውም። ዕድሜ ልኩን ሲያስቅ የኖረ ሰው ሲያዝን ማን ያምነዋል?

በሚቀጥለው ዓርብ አጎታችን ከወግዲ መጡ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ናቸው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መርዶውን የሰሙት ዘግይተው ነው፤ ገሚሱን በእግራቸው ነው የመጡት። ቤት ደርሰው ሲያጡኝ "ጌም ቤት ነው" ተባሉ። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አልጠየቁም። ዘግይቶ የደረሰ ዘመድ ሐዘንተኛውን ሲያይ እንዴት ዋልክ አይልም፤ ባገኘበት ቦታ ጩኸቱን ያወርዳል። ወጉ ነው። ባለቤቷ በር ላይ ብትኖር ታስቆማቸው ነበር፤ እሷ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ልታመጣ ወጥታለች።

"እህቴን!" አሉ ገና ከበሩ። "እህቴን! እህቴን አልቀበርኳትም! አፈር አላለበስኳትም!"

ልጆቹ ማዳመጫ አድርገዋል፤ አልሰሟቸውም። አንዱ "ገደልኩት! ገደልኩት!" እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። አጎቴ ከዘራቸውን ይዘው በመሀል ቆመው ያለቅሳሉ። እኔ ማይክራፎኑን የሚዘጋውን ቁልፍ ፈለግኩት። የቱ እንደሆነ አላውቅም። ያገኘሁትን ሁሉ ተጫንኩ፤ ግንቡ ሰውዬ ዘለለ፣ ተቀመጠ፣ ተኮሰ። በመጨረሻ ማይክራፎኑን በመዳፌ ጨበጥኩት።

ምን ዋጋ አለው። አጎታችን ያለቻቸው እህት አንድ ናት።

በጌሙ ውስጥ አረንጓዴዋ ቆማለች። ከአደባባዩ መሀል፣ ክንዷን አንጠልጥላ፣ ቀጥ ብላ። አብረውን የሚጫወቱት ሁለት ዓረቦች ይጮሁባታል፤ አትንቀሳቀስም። ጥይት ከግራም ከቀኝም ይመጣል። እንደ ልማዴ ሩቅ ሮጬ ነበርና ተመለስኩ። ከፊቷ ደርሼ ጋሻዬን ዘረጋሁ። ጋሻው ሲሰነጣጠቅ በገላዬ ከለልኳት። ስሞት ከመነሻው ተነሥቼ እየሮጥኩ መጥቼ ደግሞ ዘረጋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን ሠራሁ። እጄን ከማይክራፎኑ አነሣሁና "አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ" አልኳት። ከሷ በኩል የሚሰማኝ ትንፋሽ ብቻ ነው። አልጮኸችም። እዚያ ቤት ሰው ተኝቷል።

ተሸነፍን። ወዲያው ስሟ ከጓደኞቼ ዝርዝር ላይ ጠፋ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አሉኝ አጎቴ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አፈኑና እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ምነው መንገዱ ተዘግቶ በቀረ" አሉ። ባለቤቷ የቤንዚን ጀሪካኗን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ነበር፤ አልገባችም፣ አልተመለሰችም።

የሚቀጥለው ዓርብ አልመጣችም። ቁጭ ብዬ ባዶውን ስክሪን ሳይ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ስልክ በጠራ ቁጥር ሌላ ሰው እንዲያነሣልኝ እሰጣለሁ። የጎረቤታችንን ልጅ ሳጥን ካወረዱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እህቴን እያሰብኩ ክብደቱ ትከሻዬ ላይ ይመጣብኛል። አጎቴም ወደ ወግዲ አልተመለሱም። "የልጅቷን ድምፅ ሳልሰማ የት እሄዳለሁ" ብለው በዓርቡ አብረውኝ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ባለቤቷ በሩን ዘግታ ከኋላችን ቆመች።

አረንጓዴዋ መጣች።

"ወንድምዬ" አለች። ድምፅዋ ሻክሯል።

"አለሁ።"

"ጋሻህን አይቼዋለሁ። እማዬ ብታይህ ኖሮ ደስ ይላት ነበር።"

ቀልድ ፈለግኩ። አጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝን ጠየቅኳት፦

"ማን ያዘሽ?"

"ማን ይይዘኛል? አፌን በትራስ አፍኜ ነበር፣ አመለጠኝ። እመቤቲቱ ነቅታ መጣች። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ተሸነፍን አልኳት። ለጌም ይለቀሳል እንዴ ብላ ስቃብኝ፣ ተመልሳ ተኛች።"