ባለፎቶዋ ራሷ ትምጣ

ከሚሴ ላይ ፎቶ ቤት ስከፍት አንድ ነገር ምያለሁ፤ የሴት ፎቶ ከባለፎቶዋ በቀር ለማንም አልሰጥም። እዚህ አገር አንድ ፎቶ ትዳር ያፈርሳል።

በቀደም አንዲት ሴት መጣች። ፊቷ ክብ ብሎ ቀልቷል፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ክንዷ ግን ቀጭን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዘሃራ ስም ለመታወቂያ የተነሳ ፎቶ ፈልግልኝ አለችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ አገኘሁት፤ ጉንጯ የገባ፣ አንገተ ረጅም ልጅ ናት።

«ምንሽ ናት?» አልኳት።

«ሐኪም ነው የድሮ ፎቶ አምጪ ያለኝ።»

«እንግዲያው ባለፎቶዋ ራሷ ትምጣ።»

መታወቂያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የዘሃራ ነው። ደሜ ፈላ። «መታወቂያዋንም ወሰድሽባት?» አልኳት፣ ደጅ ያለው ሰው እስኪሰማ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ወላሂ እኔው ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ከኩላሊቴ በላይ እጢ ሳይኖር አይቀርም ተብያለሁ፤ ከልክ ያለፈ ሆርሞን እያመነጨ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ደሴ ያለው ሐኪም ነው፣ የድሮውን ፊቴን ከአሁኑ ጋር ላስተያይ ያለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ማሻአላህ፣ ተመችቷታል ሲለኝ፣ እኔም ያመመኝ አልመሰለኝም።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ፎቶውን አትሜ ሰጠኋት። ተቀብላኝ ብዙ አየችው።

«ያን ቀን ስታነሳኝ፣ ‹ጉንጭሽ ትንሽ ቢሞላ እንዴት ባማረብሽ› ብለኸኝ ነበር» አለች። «ይኸው፣ ሞላ።»