ግድግዳ ሆና የተቀመጠችው ሲስተር

ፍሬን የለሽ የሚለውን ስም ያወጣላት ገዛ ባሏ ነው። ሰውየው ሾፌር ስለሆነ የሚለውን ያውቃል። ሚስቴ ሞተሯ አንዴ ከተነሳ መቆሚያ የላትም፣ ምግብ እንኳን ቆማ ነው የምትበላው፣ አርፋ ተቀምጣ ያየኋት የሠርጋችን ዕለት ብቻ ነው፣ እሱንም ቀሚሱ ስለያዛት ነው ይላል። እኛም ስሙን ከሰማን በኋላ ዝም አላልንም፤ ከኋላዋ ፍሬን የለሽ፣ ከፊቷ ሲስተር እንላታለን። ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ጸጉሬን ያሸበተችው እሷ ናት ብዬ ብከስ የሚፈርድልኝ ዳኛ አይጠፋም። ግን አልከሳትም፣ ስለምወዳት።

ሁለታችንም የሙቀት ክፍል ነርሶች ነን። ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ መዳፍ ላይ የሚያርፉ ሕፃናት የሚቆዩበት ክፍል ነው። ክፍላችን ማሞቂያው አለው፣ ኦክስጅኑ አለው፣ እናቶቹ የሚቀመጡበት ወንበርም አለው፤ ቧንቧ ብቻ የለውም። ሕንፃውን የሠራው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው፣ የእጅ መታጠቢያችንን ወስዶ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተክሎታል። ሕፃን ከመንካትሽ በፊት በር ትከፍቻለሽ፣ በጠያቂው መሃል ትሽሎከለኪያለሽ፣ ድስት ከሚያለቀልቁት ሴቶች ጀርባ ትሰለፊያለሽ፣ ከዚያ እጅሽን ወደ ላይ ይዘሽ እንደ ተማረከ ወታደር ትመለሻለሽ። በሩን በክርን መግፋት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የእጅ ማጽጃው አልኮልስ የት ሄደ የሚል ካለ፣ አልኮሉ እንደ ደመወዝ ነው፤ መጣ ሲባል አልቋል።

ሲስተር ይቺ ቧንቧ ወደ ውስጥ ትግባልን ብላ ያላንኳኳችው በር የለም። ኢንፌክሽን በገባ ቁጥር ከእናቶቹ ጋር አብራ የምታለቅሰው እሷ ናት፤ ለቅሶዋም እንደ ንግግሯ ነው፣ ፈጣን። ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን መረጃ የሚባል ነገር ይወዳሉ። ቧንቧው ስለራቀ ሠራተኛው ሳይታጠብ ሕፃን ይነካል የምትይ ከሆነ አሳዪኝ፣ ያኔ ቧንቧ ሠሪውን ራሴ አመጣልሻለሁ አሏት። እሷም በማታው ክፍለ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ስለነበር ይህንኑ የመመረቂያ ጥናቷ አደረገችው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ ቧንቧ። ዲግሪውን የቆጠረችው እንደ ምርቃት ነው።

የጥናቱ አሠራር ቀላል ይመስላል። ጥግ ላይ ወንበር ይዘሽ ትቀመጫለሽ፣ ሕፃን የሚነካውን ሰው ታያለሽ፣ ታጥቦ ከሆነ ታጥቧል፣ ካልታጠበ አልታጠበም ብለሽ ትጽፊያለሽ። መምህሯ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ነገራት፤ ታዛቢ ማለት ግድግዳ ነው፣ አይናገርም፣ አይነሳም፣ ፊቱንም አይቀይርም አላት። እስቲ አስቡት፣ ፍሬን የለሽን ግድግዳ ሁኚ ማለት። ልምምዱን ቤቷ ጀመረች። ማጀት ገብታ ጥግ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ልጆቿ ደንግጠው ብርጭቆ ከመንካታቸው በፊት ይታጠቡ ጀመር። ባሏ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ለማንሳት ሳይቀር ተነስቶ ይታጠባል። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቷ አማቻቸውን በጎን ጠርተው ልጄን ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የተዘጋችው ብለው ተቆጡት።

በሥራ ቦታ ወንበሯን ይዛ የተቀመጠች ዕለት፣ ደንቡ ስለሚያስገድዳት የእጅ መታጠብ ጥናት እያጠናች መሆኑን ነገረችን። ለምን እንደሆነ ግን መናገር አይፈቀድላትም ነበር። እኛ ጋ ደግሞ እትዬ አሉ። እትዬ የክፍላችን ነርሶች አለቃ ናቸው፤ ታላቃችን ስለሆኑ በማዕረጋቸው የሚጠራቸው የለም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰቡንና ልጅቷ ፈተና ላይ ናት አሉ። እኛን እያዩ ነው ማርክ የሚሰጧት፤ ሳይታጠብ ነክቶ የሚያሳፍራት ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። እትዬ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ታጠብን። እናቴ ትሙት ታጠብን። ሕፃን ልንነካ ታጠብን፣ ነክተን ታጠብን፣ የሕፃኑን ስም ጠርተን ታጠብን። በሌላው ጊዜ እግራችን ዝሎ አሁንስ ይብቃኝ የምንልበት ሰዓት ነበር፤ ያኔ ግን ኮሪደሩን እየሮጥን እርስ በርስ እንላተም ጀመር። ጉብኝት የሚያደርገው ሐኪም ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሻገር ቧንቧው ጋ ደርሶ ይመለሳል። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ እንኳ ምንም ሳይነካ ታጥቦ ይቆማል። አምፖል ሊቀይር የመጣው ኤሌክትሪሺያን ሁላችንን ሲያይ ጊዜ ታጥቦ መጣና በእርጥብ እጁ መሰላል ላይ ሊወጣ ሲል እትዬ በቀበቶው ጎትተው አወረዱት። ድስት የሚያለቀልቁት ሴቶች በሽታ ገብቶ ነው የደበቃችሁን ብለው አኮረፉን።

የገረመን ነገር፣ እኛ በታጠብን ቁጥር የሲስተር ፊት ይጠቁራል። ጥግ ላይ ሆና ታጥቧል፣ ታጥባለች፣ ታጥቧል እያለች ስትጽፍ ደስ ሊላት ሲገባ ሆድ የባሳት ሰው ትመስላለች። መቀመጡ ነው ያደከማት ብለን አዘንንላት፤ ስላዘንንላት ደግሞ ይበልጥ ታጠብን።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዱ ሕፃን የአፍንጫ ቱቦውን ሊነቅል ሲታገል አየሁና እጄን ሰደድኩ። አልታጠብኩም ነበር። ሲስተር ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ዓይኗ ፊት መጣላት። አልታጠበችም የሚለውን ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ በጎን አይቻታለሁ። ጣቴ ሕፃኑ ጋ ሳይደርስ ግን ከወንበሯ ተስፈንጥራ አጠገቤ ቆመች፤ እጅሽን ብላ የጮኸችው ጩኸት ወጥ ቤት ተሰማ። እኔ ልቤ ወደ ቦታው ሳይመለስ እሷ የራሷን ግንባር አንዴ በጥፊ ብላ፣ እኔ ግድግዳ ነኝ፣ እኔ ግድግዳ ነኝ እያለች ወደ ጥጓ ተመለሰች። እኔም ሄጄ ታጠብኩ። ስመለስ ታጥባለች ብላ ጻፈች።

ጥናቱ ሊያልቅ አንድ ትዝብት ሲቀረው ውጤቱን ለዳይሬክተሩ የምታሳውቅበት ቀን ደረሰ። ከቢሯቸው ስትመለስ ቀጥታ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ የአንሶላ ክምር ላይ ተዘረፈጠች። ትስቃለች ስንል ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች ስንል ትስቃለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነገሩን አወጣችው። ዳይሬክተሩ ሁሉም ሰው መታጠቡን ሲያዩ ጥርስ በጥርስ ሆኑ፣ እንግዲያው ቧንቧው መራቁ ማንንም አላስቸገረም ማለት ነው አሉ። ቧንቧ ሠሪው ወደ አስተዳደሩ ቢሮዎች እንዲሄድ አዘዙ፣ እኛን ደግሞ በአካል መጥተው ሊያመሰግኑን ቀጠሮ ያዙ። ለካ ልጅቷ ያን ሁሉ ቀን የተቀመጠችው አንድ ያልታጠበ ሰው ለማግኘት ኖሯል።

«ታዲያ ምነው አልነገርሽንም?» አሉ እትዬ።

«ብነግራችሁ ጥናት አይሆንም ነበር።»

«አሁንስ ምን ሆነ?»

በመሃል ትንሿ ነርስ ዘዴ ያገኘች መስሏት፣ እሳቸው በሚመጡበት ቀን ሁላችንም ሳንታጠብ ብንሠራስ አለች። ሲስተር ከአንሶላው ክምር ተነሳች። ዓይኗ እርጥብ ቢሆንም ድምፅዋ እርጥብ አልነበረም፤ ቧንቧውም ዲግሪውም ገደል ይግባ እንጂ ሳይታጠብ ልጆቼን የሚነካ ሰው ካየሁ ጉድ ይፈላል አለች። ትንሿ ነርስ ከዚያ በኋላ ዘዴ አላመጣችም።

ዳይሬክተሩ የመጡት የወተት ሰዓት ሲደርስ ነው። ነጭ ጋዋናቸው ተተኩሷል፣ ፈገግታቸው ጆሮ ይደርሳል። ሲስተር የመጨረሻ ትዝብቷ ስለነበር ጥጓ ላይ ናት፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። ሁላችንንም ጎበዞች፣ ጎበዞች እያሉ በቀጥታ ወደ ትንሹ ሕፃን ሄዱና ጉንጩን ሊነኩ ጣታቸውን ዘረጉ። አጠገቡ እናቱ ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ከመጣች ጀምሮ ውኃ ስጡኝ እንኳን ለማለት የምታፍር ልጅ ናት።

«እጅዎን አልታጠቡም» አለቻቸው።

ማን እንደሆኑ አታውቅም። ስንት ሳምንት ተቀምጣ ያየችው የሚታጠብ ሰው ስለሆነ፣ ሳይታጠቡ መንካት በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። ዳይሬክተሩ ልክ ነሽ ልጄ ብለው ሳቁ፣ እትዬ እየመሯቸው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ውኃችን ስለሚቀጥን ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ እትዬ በሩን በክርናቸው ሊገፉላቸው ሲሉ እሳቸው ቀድመው እጀታውን በሙሉ መዳፋቸው ያዙት። እናትየዋ አሁንም አንገቷን ደፍታ፣ በሩን ነኩት አለች። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጣሪያውን አየሁ። በዚህኛው የዳይሬክተሩ ሳቅ እንደ ውኃው ቀጠን ብሎ ነበር።

ሁለተኛውን ጉዞ አብረን ሄድን፤ ወተት ልንሰጥ ስለሆነ እኔም ትንሿ ነርስም መታጠብ ነበረብን፣ እትዬም ሰውየውን ብቻቸውን አይለቁም። ከፊታችን ሁለት ድስት፣ አንድ ፔርሙስ የሚያለቀልቅ ጠያቂና አንዲት ባልዲ የያዘች ሴት አሉ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ሰዓታቸውን አዩ። ቀጥሎ ወደ ክፍላችን በር ዞረው አዩ፣ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን። ወረፋቸው ደርሶ እጃቸውን በሳሙና እያሹ ድንገት ቆሙ።

«ልጆቹ ጋ ማን አለ?» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። ያን ሁሉ ቀን እየሮጥን ስንታጠብ እንደዚህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም፣ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

«ሲስተር አለች» አሉ እትዬ። «ግን እሷ ግድግዳ ናት።»

ዳይሬክተሩ ምን ማለት ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የዚያች ዓይን አፋር እናት ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። እግሬ አውጪኝ አልን። የደም ሥር የተገተረበት እግሬ እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን ቀደሙኝ፣ አረፋው ከእጃቸው እየተንጠባጠበ።

ስንገባ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ወረቀቱ መሬት ላይ ተበትኗል። ሲስተር ያንን ጭብጥ የሚያህል ፍጥረት በመዳፏ ላይ በጎኑ አስተኝታ፣ ያቀረሸውንና ትን ያለውን ወተት በጣቷ ከአፉ እየጠረገች ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ልጁ አለቀሰ። እንዴት ያለ ለቅሶ መሰላችሁ! ከእሱ መጠን የማይጠበቅ፣ ቁጣ ያለበት ለቅሶ ነው። የሚያስቅ ነገር አልነበረም፣ ግን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን፤ እናቱ በእንባ ታጥባ ሳቀች፣ እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ትንሿ ነርስ እኔ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ደስታ እንደዚያ ሲያደርገኝ አላስታውስም።

ሲስተር ሕፃኑን አስተኛችው፣ መተንፈሱን ደጋግማ አየች፣ ቀለሙ እስኪመለስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቷን ለቅማ ወንበሯ ላይ ተመለሰችና አንድ ነገር ጻፈች። ዳይሬክተሩ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሰው አነበቡ።

«ይሄ ሳይታጠብ የነካው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቧንቧው ሩቅ ነው፣ ዶክተር።»

ዳይሬክተሩ አረፋው እስከ ክርናቸው እየወረደባቸው የሚያለቀልቁበት ፈልገው ክፍሉን ዙሪያውን አዩ፤ ማሞቂያዎቹን፣ ኦክስጅኑን፣ የእናቶቹን ወንበሮች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ ኪሳቸውን በአገጫቸው ጠቁመው ስልካቸውን አውጥቼ ለቧንቧ ሠሪው እንድደውልላቸው አዘዙኝ።