ማሽኑ ጋቢዬን ሲጎትት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። አሰላ በኅዳር ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። መነጽሬን የት እንዳኖርኩ እረሳለሁ፣ የልጅ ልጆቼንም ስም አቀያይራለሁ። ያችን ጠዋት ግን ልርሳት ብልም አልቻልኩም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ እንኳ ቢሆን፣ እጄ ሳላዝዘው ወደ አንገቴ ይሄዳል።

እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ትምህርት የለኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎበሳ አካባቢ በእርሻ ነው። ጉልበቴ ሲደክም፣ ልጃችን አሰላ ስላለች፣ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ወደዚህ ገባን። አጻጻፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይለፈኝ፤ ነገሩን ግን እንደሆነው ነው የማወራው።

የማድ ቤታችን በር በስብሶ ወድቆ ነበር። ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ከድር የሚባል አናጺ አለ። እጁ የተባረከ ነው፤ እሱ የሠራው በር ክረምት ከበጋ አያብጥም፣ አይጣመምም። አንድ ጉድለቱ «ነገ» ማብዛቱ ነው። በሄድኩ ቁጥር «ነገ ይደርሳል አባባ» ይለኛል። አስካለ ደግሞ «የከድር ነገ ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ያን ቀን ዛሬስ አጠገቡ ተቀምጬ አስጨርሰዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። አስካለ የፈተለችልኝን አዲሱን ጋቢ ደረብኩ። ክረምቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትፈትለው የከረመችው ነው። ብርዱ ስለበረታብኝ አንዱን ጫፍ አንገቴ ላይ ደጋግሜ ጠመጠምኩት፤ ሌላውን በትከሻዬ ጣል አደረግሁ።

የከድር መሥሪያ ቤት በጣውላ የተሠራ ነው። መኻሉ ላይ ራሱ የገጣጠመው የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን አለ። ላዩ ጠረጴዛ ነው፤ ክቡ መጋዝ ከጠረጴዛው ላይ ጥርሱን አውጥቶ ይሽከረከራል። ሞተሩ ከሥር ነው። ሞተሩንና መጋዙን የሚያገናኘው ቺንጋ፣ ያ የላስቲኩ ቀበቶ ማለቴ ነው፣ በጎን በኩል ምንም ክዳን ሳይኖረው ራቁቱን ይዞራል። ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ ማሽኑ ላይ አይደለም። ከኋላ ግድግዳው ላይ ነው፤ ፊቱ ጣውላ ተከምሮበታል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት ኋላ ነው።

በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ሰጋቱራ በጆንያ ትሞላ ነበር። ከየአናጺው ቤት ሰጋቱራ እየለቀሙ ለምድጃ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ከእነዚያ አንዷ ናት። ብናኙ እንዳይገባባት አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍናለች። አላወቅኋትም።

ስገባ ማሽኑ ይጮኻል። ከድር ቀና ሲል አየኝ። ልጁ በሥርዓት ያደገ፣ ሰው አክባሪ ነው። ሽማግሌ መጥቶ እሱ ሥራውን ሊቀጥል? አይሆንለትም። የያዘውን ጣውላ ወደ ራሱ ስቦ አስቀመጠና፣ ማሽኑን ሳያጠፋ፣ ወደ እኔ ዞረ። እጁ በሙጫና በብናኝ ቆሽሾ ስለነበር እንደ ወጉ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«አካም ቡልተኒ፣ አባባ?» አለኝ ከማሽኑ በላይ ጮኾ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ነጋ! ልጆች ደኅና ናቸው?» ብዬ በማሽኑ ጥግ አጎንብሼ ክንዱን ያዝኩት።

የእኛ ሰላምታ መቼም አጭር አይደለም። እሱ ስለ አስካለ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቀኝ። እኔ ስለ እናቱ ወገብ ጠየቅሁት። በየጥያቄው ጎንበስ እንላለን። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረግሁት ጫፍ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርድ ኖሯል። አልተሰማኝም።

መጀመሪያ የተሰማኝ አንድ ሰው ከሥር የሳበኝ ያህል ነው። ማነው ብዬ ለማየት እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። ጉልበቴ መሬት መታ፣ አገጬ ከጠረጴዛው እግር ጋር ተላተመ። አንገቴ ላይ የጠመጠምኩት ጋቢ እንደ ገመድ ከረረ። ዓይኔ ፊት ቺንጋው ነጩን ጋቢ ይውጣል፤ እየዋጠ ይስበኛል። የከድርን አፍ ሲከፈት አየዋለሁ፣ ድምፁን ግን አልሰማም። «ጌታ ሆይ» ልል ፈለግሁ፤ ከጉሮሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ጸጥ አለ።

መብራት ጠፋ። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሬዲዮም በዘፈኑ መኻል ቀጥ አለ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው «ኧረ ምነው፣ ደግሞ ጠፋ እንዴ» ብሎ ሲያማርር ሰማሁት። ሰፈሩ ሁሉ እየተራገመ እኔ ብቻ ተንበርክኬ እመርቅ ነበር።

«አባባ! አሉ?» አለኝ ከድር።

«አለሁ» አልኩት። ድምፄ የጫጩት ያህል ነው።

«አልሐምዱሊላህ። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ...» አለ።

ሁለታችንም አበቃ፣ አለፈ ብለን አሰብን። ማሽኑ ቆሟል፣ ምን ቀረ? እኔማ ቀልድም አምሮኝ ነበር። «በሩን ሳትጨርስልኝ ልትቀብረኝ?» አልኩት። «ዛሬውኑ እጨርሳለሁ፣ ነገ አልልም» አለኝ፤ እየሳቀም እያለቀሰም።

ጋቢው ግን አልለቅ አለ። ተጠቅልሎ ገብቶ እንደ ቋጠሮ ጠብቋል፤ አንገቴን ይዞ ከማሽኑ ጋር አስሮኛል። ትንፋሽ አገኛለሁ፣ ጭንቅላቴን ግን ማውጣት አልችልም። ከድር ተንበረከከና ጣቶቹን በቺንጋውና በሚዞርበት ጎማ መካከል አስገብቶ በእጁ ወደ ኋላ ያዞረው ጀመር።

«መቀስ የለህም?» አልኩት።

«አለ። ግን ይህን በምን አንጀቴ እቆርጣለሁ? እማማ አስካለ ደጃፍ ላይ ሲፈትሉት አይቻቸው የለም? ትንሽ ይታገሡኝ እንጂ ይፈታል።»

«እሺ፣ ቀስ በል» አልኩት። እኔም አሳዝኖኝ ነበር። እንዲህ እየተከባበርን፣ እኔ አንገቴን ታስሬ፣ እሱ ጣቶቹን ከትቶ፣ ተቀምጠናል።

ያኔ ከበሩ በኩል የሴትየዋ ድምፅ መጣ።

«ከድር፣ ማጥፊያውን አጥፍተኸዋል?»

የከድር እጅ ቀጥ አለ። እኔ በዕድሜዬ የፈራ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ፊት ግን አላየሁም፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ወደ ግድግዳው አየ። ማጥፊያው ከጣውላው ክምር ኋላ ነው። አላጠፋውም። ማሽኑን ቁም ያለው ሰው የለም፤ መብራቱ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው።

እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው። ቀድሞ ሲስበኝ ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም። ይሄኛው ግን ቀስ ብሎ ከእግሬ ጀምሮ ወጣብኝ። የእኛ ሰፈር መብራት አንዳንዴ ከሄደ እስከ ማታ አይመለስም፤ አንዳንዴ ደግሞ ሻማ ሳይለኮስ ይመጣል። ማን ያውቃል? ጆሮዬን ወደ ልብስ ሰፊው ሬዲዮ ጣልኩ። ያ ሬዲዮ ከተናገረ አለቀልኝ ማለት ነው። ጋቢው ውስጥ በላብ ተጠመቅሁ። አስካለ ለምሳ ሽሮ ልትሠራ ሽንኩርት እየላጠች ትታየኛለች። እስካሁን ምን ያስቀምጠዋል እያለች ይሆናል።

ከድር እጁን መንጭቆ ብድግ አለና ክምሩ ላይ ወጣ። ጣውላው ከሥሩ ተንሸራተተ፤ ከነጣውላው ሲወድቅ ሰማሁ።

ሴትየዋ ጆንያዋን ጣለችና መጣች። ከወገቧ የጆንያ ገመድ የምትቆርጥበትን ካራ አወጣች።

«አገጭህን ቀና አድርግ» አለችኝ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ደንግጬ ይሁን ምን እንጃ፣ «ልጄ፣ ጋቢው...» ማለት ጀመርኩ።

«ዝም በል። ጋቢህ አያለቅስልህም።»

ጣቶቿን በአንገቴና በጋቢው መካከል እንደ ሽብልቅ አስገባች። የካራው ጀርባ ቆዳዬ ላይ ቀዘቀዘኝ። አዲስ ጋቢ ወፍራም ነው፤ ካራው ደግሞ ዶልዱሟል። ትገዘግዛለች፣ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። የላዩ ተቆረጠ፣ የሥሩ ቀረ። እኔ ሬዲዮውን ነው የማዳምጠው። ከኋላ ከድር ጣውላውን ከላዩ እየገፋ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል።

ጋቢው ሲለቀኝ ሴትየዋ በኮሌታዬ ይዛ ወደ ኋላ ወረወረችኝ። ሁለታችንም ሰጋቱራው ላይ ወደቅን።

ራሴን ቀና ሳላደርግ ሬዲዮው እንደገና ዘፈን ለቀቀ። ማሽኑም አብሮት ጮኸ።

የቀረውን ጋቢዬን መሬት ላይ እየገረፈ ስቦ አስገባው። አገጬ የነበረበት የጠረጴዛ እግር ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። የተቃጠለ ጥጥና ላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ ከድር ማጥፊያው ጋ ደረሰና ጸጥ አደረገው።

ከድር ከክምሩ ኋላ ወጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ገና አሁን የተሰጡት ይመስል ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሴትየዋ ቀሚሷን አራገፈችና «ሰጋቱራዬን ደፋችሁብኝ» ብላ ጆንያዋን እንደገና መሙላት ጀመረች። ግማሹን ግን ከጆንያው ውጭ ታፈስሰው ነበር።

ከድር ደግፎ ቤቴ አደረሰኝ። አስካለ የተረፈውን የጋቢ ቁራጭ ከእጄ ወሰደች። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። በአውራ ጣቷ አንገቴ ላይ የቀረውን ሰንበር ዳበሰችው። «ጥጥ ገበያ ሞልቷል» አለች። ሌሊት ግን ነቅቼ ሳያት ተቀምጣ ታየኛለች።

ድንጋጤው ሲቀልልኝ ሴትየዋን ፈልጌ ገበያ ወረድኩ። ጫልቱ ትባላለች። ጆንያዎቿን ደርድራ ተቀምጣ አገኘኋት። ስታየኝ ብድግ ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። ያን ዕለት አንተ እያልኩ አመናጨቅሁዎት።»

«ምን በወጣሽ ልጄ? የሚያከብሩኝ ሰዎችማ ሊያስቀብሩኝ ነበር» አልኳት። ሳቀች።

ማጥፊያው በምን ትዝ እንዳላት ጠየቅኋት። ሳቋ ቆመ።

«ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። መብራት ጠፍቶ ቺንጋውን ሲያስተካክል ነው መብራቱ የመጣው» አለችኝ። አጠገቧ ጆንያ ላይ ትንሽ ተቀምጬ ተነሣሁ።

ከድር አሁን ቺንጋውን በቆርቆሮ ከድኖታል። ማጥፊያውን አምጥቶ ጉልበቱ ሥር አድርጎታል። መብራት ሲጠፋ ከሁሉ በፊት እሱን ይመታል፤ ከዚያ ነው የሚያማርረው። በሩ ላይ ትልልቅ ምስማር መትቶ፣ ጋቢም ሆነ ነጠላ የለበሰ ሰው ሳይሰቅል አያስገባም። «ጉምሩክ ሆንክ እንዴ፣ ሰው አስወልቀህ የምታስገባ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ይቀልዱ።

እኔ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ወፍጮ ሲጮኽ ከሰማሁ መንገድ እቀይራለሁ። ወደ ከድር ስሄድ ግን እሄዳለሁ፤ ጎረቤት ነው። ጋቢዬን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ፣ ብርድ ቢመታኝም፣ ውጭ ጉቶው ላይ እቀመጣለሁ። ማሽኑ ይጮኻል። ከድር እንደመጣሁ ያውቃል፤ ጥላዬ ይታየዋል። ግን ዞር አይልም፣ ቀና አይልም፣ ዓይኑን ከመጋዙ አያነሣም። አላፊ አግዳሚው «ሽማግሌ ብርድ ላይ አስቀምጦ ዝም?» ሲል እሰማለሁ። እኔ ደግሞ እንደዚያ ዝምታ ደስ የሚል ሰላምታ አላውቅም።

ጩኸቱ ይቆማል። ማጥፊያው ቀጭ ሲል እሰማለሁ። ያኔ ከድር ብናኙን እያራገፈ ይወጣና ክንዱን ይዘረጋልኛል። እኔ ግን ክንዱን ትቼ መዳፉን እይዘዋለሁ፤ ቢቆሽሽም ይቆሽሽ። ጣቶቹን ሁሉንም በእጄ ዳብሼ ሳበቃ ነው ስለ እናቱ ወገብ የምጠይቀው።