ከብቶቹ ቀና ካሉ

ጀልባው የጎማ ነው። ያገለገለ ገዝቼ፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ሰበታ ያደረስኩት ቀን ረዳቱ "ፍራሽ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "አዎ" አልኩት። እውነቱን ለማስረዳት መንገዱ አይበቃም ነበር።

ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ሁለት ሰው አሳፍሬ፣ እኔ እየቀዘፍኩ፣ አዋሽን ወንዙ በሚሄድበት ፍጥነት ቁልቁል እንንሳፈፋለን። እንግዶቹ መንጠቆ ይጥላሉ። የያዙትን ዓሣ፣ በብዛት ቢልጫ የሚባለውን፣ አይተው፣ ፎቶ አንስተው መልሰው ይለቁታል። እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ በስልኬ ያየሁት ቡራዩ ሞባይል ስጠግን ነው። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን የምበላው ቪዲዮውን እያየሁ ነበር።

መቅዘፍ ያስተማረኝ የለም። ገፈርሳ ቅርቤ ነው፣ ግን የመጠጥ ውኃ ስለሆነ ጀልባ አይገባበትም። ስለዚህ ክረምቱን እሑድ እሑድ ሱሉልታ እየሄድኩ ሜዳው ላይ በተኛው ውኃ ተለማመድኩ። ውኃው ከጉልበት አያልፍም። በፈረስ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩኛል።

"ወንድም፣ ብትቆም እኮ በእግርህ ትሻገረዋለህ!" አለኝ አንዱ።

"ተወው እባክህ" አለ ጓደኛው፣ "ኖኅም ሲጀምር የሳቁበት እንዲህ እያሉ ነው።"

እኔም ሳቅሁ። በዚያ ክረምት ግን ጀልባን ከድንጋይ ለማራቅ ወደ ፊት ከመግፋት ወደ ኋላ መሳብ እንደሚሻል፣ መቅዘፊያው ውኃው ውስጥ ጠልቆ መግባት እንደሌለበት፣ ክብደት ፊት ሲበዛ ጀልባው እንደሚያምፅ ተምሬያለሁ። የመንጠቆዎቹን ወደ ኋላ የዞረ እሾህም አንድ በአንድ በፒንሳ ደፈጠጥኩ፤ ዓሣው ሲለቀቅ አፉ እንዳይቀደድ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አዋሽ የክረምቱን ጭቃ ጥሎ ይጠራል፣ ገና ግን ሙሉ ነው። ያ ጊዜ አጭር ነው። ታኅሣሥ ሲገባ የጀልባው ሆድ ድንጋይ ይነካል። ወንዙን ዳር ዳሩን በእግሬ ሄጄ አጠናሁት። መነሻው አላስቸገረኝም፣ ድልድይ ሥር ነው። ያስቸገረኝ መውጫው ነው። ከድልድዩ በታች ግራና ቀኙ የሰው ቁመት የሚያህል የዋልካ ግድግዳ ነው። ከዚያ ወንዙ ድንጋያማ ጥበት ውስጥ ይገባል፤ እዚያ እንግዳ ይዤ አልገባም። ከጥበቱ በፊት ጀልባ የሚወጣበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ከብቶች ሊጠጡ ሲወርዱና ሲወጡ ግድግዳውን በኮቴያቸው ንደው ያበጁት መውረጃ። ያ መውረጃ ከተከለከልኩ ሥራው የለም።

መውረጃው ያለው በአንድ አዛውንት ገበሬ ግጦሽ ላይ ነው። አገሩ በስማቸው ላይ ኦቦ ጨምሮ ይጠራቸዋል፤ እኔ ኦቦ ብቻ እላቸዋለሁ፣ ባለቤታቸውን ደግሞ አዴ። ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ "ወንዙ የፈጣሪ ነው፣ ምን ትጠይቀኛለህ?" አሉኝ። የጀልባውን ቀለም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ብርቱካናማ ነው።

ለሙከራ ብቻዬን የወረድኩ ቀን ከብቶቹ ሊጠጡ ወርደው ነበር። መታጠፊያውን ስዞር ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ከዚያ ዳማዋ ላም ዞረች፣ የቀሩትም ተከተሏት፣ ሽቅብ ወጥተው ዘለላ ባወጣው የአዴ ጤፍ መካከል አቋርጠው ጠፉ። እኔ መቅዘፊያዬን ይዤ ጤፉ ሲተኛ አየሁ። አዴ ከማሳው ጫፍ ሆነው የተናገሩትን ኦሮምኛ ሁሉ አልያዝኩትም፤ ስለ እኔ እንደሆነ ግን ገብቶኛል።

በማግስቱ እርጥብ ሳር በእጄ ይዤ ሄድኩ። እዚህ አገር ጥፋተኛ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ሳር የያዘ ሰው ሳይሰማ አይባረርም። ኦቦ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ከግራሩ ሥር ተቀመጡ።

"አካም ቡልተን" አልኩ፣ እንዴት አደራችሁ ለማለት።

"ነጋ" አሉ ሦስቱም፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ካሳ እከፍላለሁ ብዬ ጀመርኩ። ኦቦ በእጃቸው አስቆሙኝ። "ጤፉ የተኛ እንጂ የሞተ አይደለም፤ ሳርህን ተቀብለናል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ከብቶቼ ከትናንት ወዲህ ውኃው ድረስ አንወርድም ብለዋል። የማያውቁትን ነገር ፈርተው እየጠማቸው ሊያድሩ ነው?"

ከዚያ ፍርዱን ተናገሩ። ከብቶቹን ከጀልባዬ ጋር እንዳስተዋውቅ ጊዜ ይሰጠኛል። ከዚያ እንግዶቼን ይዤ እወርዳለሁ፣ እሳቸው ዳር ቆመው ያያሉ።

"ጀልባህ ሲመጣ አጎንብሰው ከጠጡ መውረጃው ያንተም ነው። ቀና ካሉ ግን ጎማህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ። ተስማማን?"

ተስማማን። ጎረቤቶቻቸው መሬቱን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጉዳዩ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ባዶውን ጀልባ መውረጃው አጠገብ አስሬ መቀመጥ ሥራዬ ሆነ። ከብቶቹ ከላይ ቆመው ያዩኛል፣ እኔም ከታች አያቸዋለሁ። ማንም አይንቀሳቀስም፤ የሚጠጡት እኔ ጀልባዬን ይዤ ስሄድ ነው። አዴ ለአንድ ሰሞን ሲታዘቡን ቆይተው አንድ ቀን እንስራቸውን ይዘው ወረዱ።

"አንተ ልጅ፣ ሰው ቤት ባዶ እጅህን ነው እንዴ የምትሄደው?"

"ምን ላምጣላቸው አዴ?"

"ለላም ምን ይመጣል? ጨው ነዋ!"

አሞሌ ገዛሁ። መሬት ላይ ባስቀምጠው ጨውን ይለምዳሉ እንጂ ጀልባውን አይለምዱም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ በውኃ አሟሟሁትና የጀልባውን ጎን ዙሪያውን በጨርቅ ቀባሁት። መጀመሪያ የመጣችው ያችው ዳማ ናት። አሸተተች፣ አፈገፈገች፣ እንደገና መጣች፣ ከዚያ ምላሷን አወጣች። የላም ምላስ ጎማ ላይ ሲያልፍ ድምፁ እንጨት በሞረድ ሲፋቅ ይመስላል። ወዲያው ሌሎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ከበቡን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተወደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጥቂት ቆይቶ ጀልባው መተንፈስ ጀመረ። አንዱን ልጣፍ ልሰው አንስተውታል። ሰበታ ያለው ጎሚስታ ገልብጦ አየውና "ይሄ መኪናው የት አለ?" አለኝ።

"ጀልባ ነው።"

"ምን ነክቶት ነው?"

"ላም ልሳው።"

መዶሻውን አስቀመጠ። "ሚስማር ይባላል፣ ጠርሙስ ይባላል" አለ፣ "በል እሺ፣ ላምም እንመዝግብ።" ልጣፉን ግን ድርብ አድርጎ ነው የለጠፈልኝ፤ ዛሬም አለ።

የመጀመሪያ እንግዶቼ በቡራዩ ከምሠራበት አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴና ባለቤቱ ናቸው። እሱ ዋና አይችልም፤ መንሳፈፊያ ጃኬቱን ድልድዩ ላይ ሳይደርስ መኪና ውስጥ ለብሶት መጣ።

"ጋሼ፣ ጀልባው ደረሰ እንዴ?" አለችው ሚስቱ። "ወይስ መኪናው ውስጥ ጎርፍ ይገባል ብለህ ፈርተህ ነው?"

"አንቺ ዝም ብለሽ ትልሽን ያዢ።"

ውኃው ላይ ስንገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ይህ ዝምታ ነበር የምሸጠው። ጥላው ዳር ላይ፣ ውኃው ከግንድ ጀርባ በሚያርፍበት ቦታ፣ መንጠቆዋን እንድትጥል ለሚስትየው ጠቆምኳት። በሁለተኛው ጊዜ ክሩ ተወጠረ። ዘንጉ ሲጎብጥ ያወጣችው ድምፅ ዳር ያሉትን ወፎች በሙሉ አስነሳ። ወርቅማ ቢልጫ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም የሚቆጠር። እጇን አርጥባ እንድትይዘው ነገርኳት፣ ያዘችው፣ ባሏ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን አወጣ፣ የራሱን አውራ ጣት አነሳ። ዓሣው ሄደ። ቀኑን ሙሉ ተሳሳቁ። እኔ ግን ወደ መታጠፊያው በቀረብን ቁጥር ሳቁ እየራቀኝ ሄደ።

ዞርን። ከብቶቹ መውረጃው ላይ ናቸው፣ አጎንብሰው ይጠጣሉ። ኦቦ ከላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል፣ አዴ ከአጠገባቸው። መቅዘፊያዎቹን ከውኃ አንስቼ ጀልባውን ለወንዙ ተውኩት።

ዳማዋ ቀና አለች። ከዚያ ሁሉም ቀና አሉ።

አልሸሹም። ከዚያ የባሰ ሆነ፤ ውኃው ውስጥ ገብተው፣ እየተንቦራጨቁ፣ ወደ እኛ መጡ። ነጋዴው "በስመ አብ!" ብሎ ሚስቱ ጀርባ ገባ። ዳማዋ አፍንጫዋን የጀልባው ጎን ላይ አሳርፋ መላስ ጀመረች። ያን ቀን ጨው አልቀባሁም ነበር፤ ከበፊቱ የቀረውን ትፈልጋለች።

ኦቦ ከላይ ተናገሩ። "ቀና ብለዋል።"

ልክ ናቸው። የተስማማነው በዚህ ነው። ገመዱን መልሼ መጠቅለል ጀመርኩ። አዴ ባለቤታቸውን በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው፣ ከዚያ እንግዶቹም እንዲሰሙ በአማርኛ ደገሙት።

"ታዲያ እንግዳ ሲመጣ አንተስ ተቀምጠህ ነው የምትቀበለው? ብድግ ነው ያሉት! የቀና አንገት ሁሉ ይሸሻል ያለህ ማነው?"

ኦቦ ከብቶቹን አዩ፣ ጀልባውን አዩ፣ ሚስቱ ትከሻ ላይ የተለጠፈውን ነጋዴ አዩ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ፣ በዱላቸው እየተደገፉ፣ ዕንባቸው እስኪመጣ።

"እሺ" አሉ ሲበርድላቸው፣ "መውረጃው ያንተም ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ውኃው የከብት ነው፣ ሰው ከኋላ ነው። ጠጥተው ሳይወጡ እንግዳህ እግሩን መሬት እንዳያስነካ።"

"እሺ ኦቦ።"

"እስከ መቼ ነው?" አለ ነጋዴው በሹክሹክታ።

"እስኪጠጡ" አሉት ኦቦ፤ ጆሯቸው ደህና ነው።

ገመዱን ከግንድ ጋር አሰርኩና ተቀመጥን። ከብቶቹ ጨው እንደሌለ ሲገባቸው ወደ ውኃቸው ተመለሱ፣ አጎነበሱ። ውኃውን ሲስቡ ይሰማል። ሚስትየው ሥራ ፈትታ መቀመጥ አልቻለችምና መንጠቆዋን በከብቶቹ ግርጌ፣ ኮቴያቸው ጭቃውን በሚያደፈርስበት በኩል ጣለችው። እኔ እዚያ ዓሣ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘንጉ ወዲያው ተቆለመመ።

"ሳቢ! ሳቢ!" አሉ ኦቦ፣ ዱላቸውን ጥለው ቁልቁል እየወረዱ። "ወደ ግራ! አትልቀቂው!"

አውጥታ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከዚያ እጇን ወደ ውኃው ዝቅ አድርጋ ከፈተችው።

"ለቀቅሽው?" ኦቦ ውኃው ዳር ቆመው ቀሩ።

"የጽጌ ጾም ላይ ነኝ አባቴ።"

"ዓሣ ይበላል!" አለ ባሏ።

"አይበላም!" አሉ አዴ ከላይ።

ሦስቱ በዚህ ሲከራከሩ፣ ከብቶቹ ሳይቸኩሉ ሲጠጡ፣ እኔ ትል እየሰካሁ ነበር፤ ኦቦ አንድ ጊዜ እስቲ ልሞክር ብለው እጃቸውን ዘርግተዋል።