እትየ ዘይነብና የመጨረሻው ዘፈን

ባለፈው ጥቅምት ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ ስመለስ፣ የሚኒባሱ ሾፌር የከፈተው ዘፈን መሐሉ ላይ ሲደርስ ደህናውን ጆሮዬን ወደ ድምፁ አዞርኩ። ዘፋኙ ዝም ይልና ጊታሩ ብቻውን ይሄዳል፤ ሰው ሊያለቅስ ሲል ጉሮሮውን እንደሚይዘው፣ ድምፁ ተይዞ ተይዞ በመጨረሻ ይለቀቃል። ከሰማሁት ዐርባ ዓመት አልፎኛል። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለዚያው ዘፈን ይከራከሩ ነበር። የነጭ ፈረስ ባንድ ካሴት ሲነሳ ሁሉም የሚያውቀው በመጀመሪያው ገጽ ያሉትን ሦስት የፍቅር ዘፈኖች ነው። «ዘግይቶ ደራሽ» የሚባለው ይኼኛው ግን በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ተወሽቆ፣ ሬዲዮም ሳያነሳው ኖረ። አሁን ልጆቹ በስልካቸው እየተቀባበሉት፣ የካሴቱ ምርጥ እሱ ነበር እያሉ ነው።

«ዘፋኙ እኮ ምንም አልሠራም። ጊታሩ ነው ዘፈኑ» አለ አንደኛው። «ማን እንደመታው ግን የሚያውቅ የለም።»

«ኡመር ይባላል» አልኩ። «የሰቆጣ ልጅ ነው።»

ሁለቱም ዞሩ። «እርስዎ በምን አወቁ?»

«እህቱ ጎረቤታችን ነበረች» አልኳቸው። የቀረው በመንገድ ላይ የሚወራ አይደለም።

የእትየ ዘይነብ ሱቅ ከቤታችን ሁለት በር አልፎ፣ ወደ ገበያው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። አባቷም አያቷም ነጋዴዎች ናቸው። ሲገቡ ላምባ፣ አዲስ አቡጀዲና በርበሬ አንድ ላይ ይሸታሉ። በአንዱ ጥግ ከአፋር የመጣ አሞሌ ጨው ተደርድሯል፤ በሌላው ቴትሮን፣ የፕላስቲክ ጫማና የፋኖስ ብርጭቆ። እሷ ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ጨርቅ የምትለካበትን የእንጨት ሜትር ከእጇ አትለይም። ከኋላዋ ባለው መደርደሪያ ላይ ጥልፍ የለበሰ ቴፕ ተቀምጧል። ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ታሰጣቸዋለች፤ ያኔ ለአንድ ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራሉ። ለእሷ አንድ ዘፈን በቂዋ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ኡመር ጊታር እማራለሁ ብሎ አዲስ አበባ ሲሄድ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ መልኩን አላስታውሰውም። ካሴቱን በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ሲልክላት «የመጨረሻውን ስሚ፤ መሐሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነበረበት። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ወጣቱ ከየቤቱ በሚታፈስበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ ከቤቱ ወስደው አሰሩት። እትየ ዘይነብ ሱቋን ዘግታ ሄደች፤ ምግብ ቋጥራ ከእስር ቤት እስር ቤት ስትዞር ሰነበተች። በመጨረሻ አንዱ በር ላይ የቆመ ዘበኛ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት። የዚያን ጊዜ ሰው የዚህን ቃል ትርጉም ሳይነገረው ያውቀዋል። አስከሬንም መቃብርም አላሳዩዋትም። ይዛው የቀረችው ነገር ቢኖር ያ ዘፈን ነው፤ ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ ያ ካሴት ከእሷ በቀር ማንም ዘንድ አልነበረም።

በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ ትከፍተዋለች። ሲያልቅ ድንጋዩን ላለመጨረስ ካሴቱን አውጥታ በእስክርቢቶ ወደ ኋላ ታጠነጥነዋለች። ሌሎቹን ዘፈኖች ለምን እንደማታሰማን ጠይቄያት ነበር። «ሌላው የሰው ዘፈን ነው» አለችኝ።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አባል ሆንኩ። ኃላፊያችን ጓድ ሞገስ የሚባል ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። የካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በደረት ኪሱ ሁለት እስክርቢቶ የማይጠፋ፣ ሲናገር ራሱን የሚሰማ ሰው። አንድ ቀን ለአዲሱ መዝሙር የሚሆን ጥሩ ዜማ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀን። እጄን አወጣሁ። «እትየ ዘይነብ ዘንድ ግሩም የጊታር ዘፈን አለ፤ አዲስ አበባ የነበረ ወንድሟ ነው የመታው» አልኩ። እንዲያመሰግነኝ ነበር። «ጎበዝ፣ ትርፌ» አለና በደብተሩ ጻፈው።

በማግስቱ እናቴ ክብሪት ልካኝ ሱቁ ውስጥ ሳለሁ፣ ጓድ ሞገስ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ገባ። ካሴቱን ከቴፑ ውስጥ መዞ አወጣና የባህል ወረራ ነው አለ። እትየ ዘይነብ ስትለምን ያን ጊዜ ብቻ አየኋት።

«ጓድ፣ የሟች ድምፅ ነው። ከፈለጉ ሱቁን ይውሰዱ።»

«የሞተበትን ምክንያት እናውቃለን» አላት።

ፊቷ ባንዴ ደረቀ። «እንግዲያውስ ደረሰኝ ይጻፉልኝ» አለችው። ሳቀ፤ ግን ጻፈ። አንድ ካሴት ተረክቤያለሁ ብሎ ስሙን ከነማዕረጉ አስፍሮ ፈረመ። መጻፍ ይወድ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ካሴቱን ልምምድ ቦታ አየሁት። እንዳይቀዳበት ጥርሱ የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ጠቅጥቆ ደፍኖታል። አሰለፈንና ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጭኖ መዝሙራችንን ቀዳ። ዘምሩ ሲለን ዘመርኩ። የኡመርን ጊታር ካጠፉት ድምፆች አንዱ የእኔ ነው።

ለእትየ ዘይነብ ሄጄ ስነግራት አላለቀሰችም። ሜትሯን ባንኮው ላይ አጋደመችና «እስከ የት ድረስ ቀዳችሁበት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ማን ለጓድ ሞገስ እንደነገረው ግን አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ሰዎች ሊያምኑት ያልቻሉት ነገር ሆነ። እትየ ዘይነብ ጓድ ሞገስን ማክበር ጀመረች። ሲያልፍ ትጠራዋለች፤ በርጩማ ትሰጠዋለች፤ ከየትም የማይገኝ ስኳር በሻዩ ትጨምርለታለች። እናቴ «ይቺ ሴት ወንድሟን ረሳች» ብላ አማቻት። ጓድ ሞገስ ከሰዓት በኋላውን እዚያው ማሳለፍ ለመደ፤ ሰሚ አግኝቶ ነበርና ያወራል።

የአብዮቱ በዓል አራት ቀን ሲቀረው እትየ ዘይነብ ጠራችኝ። የኪነቱን የካሴት ሣጥን የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች። «ካሴቱን ለአንድ ቀን አምጪልኝ» አለች። ልታስቀረው መስሎኝ ደስ አለኝ። ሱቁን ገርበብ አድርጋ ካሴቱን ከተተችና ወደ መጨረሻው አሳለፈችው። መዝሙራችን ጮኾ ጮኾ ተቋረጠ፤ ከዚያ ቀጭ አለና ኡመር መጣ። ያልተቀዳበት ግማሽ ደቂቃ ያህል ተርፎ ነበር። ሦስት ጊዜ ሰማችው፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ።

«እትየ፣ ያስቀሩት። ጠፋ እላለሁ» አልኳት።

«ዝም በይ።»

«ያቺን ብቻ በመቀስ ቢቆርጧትስ?»

«የተነካ ካሴት ይታወቃል» አለች።  ከዚያ ወደ መዝሙሩ መጀመሪያ መለሰችው። የጥልፉን ልብስ ቴፑ ላይ ጣል አድርጋ በእጇ አስተካከለችና፣ እኔን ከጨው ክምሩ ጀርባ አስቀመጠችኝ።

ጓድ ሞገስ እንደልማዱ መጣ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሻዩን አቀረበችና «አምና የአውራጃው አስተዳዳሪ ያደረጉት ንግግር ልቤን ነክቶት ነበር፤ ምን ዓይነት የተማሩ ሰው ናቸው!» አለች። ወዲያው በልብሱ ሥር ጣቷን ቀዩ ቁልፍ ላይ ስትጭን አየሁ።

«እሱ?» አለ ጓድ ሞገስ። «እሱ ስሙን እንኳ ሳይሳሳት አይጽፍም። ፊደል የቆጠረው አምና ነው። ንግግሩን የምጽፍለት እኔ ነኝ። እኔ ካልጻፍኩለት መድረክ ላይ ወጥቶ እንደ ቀንበር በሬ ያፈጣል።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ቀጥሎም የአስተዳዳሪውን አነጋገር፣ አረማመድ፣ ሲያስል የሚያወጣውን ድምፅ ሁሉ አንድ ባንድ አሳየ። እትየ ዘይነብም ቴፑን በልብሱ ሥር ካቆመች በኋላ አብራ ሳቀች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ አስፈራኝ።

በማግስቱ ካሴቱን መለሰችልኝ። «በበዓሉ ቀን ክፈቺ ሲልሽ ክፈቺ። ሌላ ምንም አታድርጊ» አለች።

አደባባዩ ሞልቶ ነበር። በዙሪያው ካሉት ወረዳዎች፣ ከዝቋላም ከደሃናም፣ ገበሬዎች በግዳጅ መጥተዋል። አስተዳዳሪው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያው በመኪና ባትሪ ይሠራል። የእንጨት ጠመንጃችንን ይዘን ተሰለፍን፤ ጓድ ሞገስ እጁን አንሥቶ «ትርፌ፣ ክፈቺ!» አለ። ከፈትኩ።

በመዝሙሩ ፈንታ የራሱ ድምፅ መጣ። ስሙን እንኳ ሳይሳሳት አይጽፍም እያለ ከአደባባዩ ዳር እስከ ዳር አስተጋባ።  መጀመሪያ የከተማው ሰው ሳቀ። ቀጥሎ አማርኛ ለማይሰሙት ሽማግሌዎች በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ ተተረጎመና ሁለተኛው ሳቅ ከኋላ እንደ ጎርፍ መጣ። ጓድ ሞገስ ሮጦ ቴፑን ሊያጠፋ ሲል የተሳሳተ ቁልፍ ነካና ድምፁ ይባስ ጨመረ። «እንደ ቀንበር በሬ» የሚለው ላይ ሲደርስ አስተዳዳሪው ተነሡ። አስመስሎ የሳለው ሳል ከማጉያው ውስጥ መጣና እሳቸውም በንዴት እዚያው አሳላቸው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ማንም ሊያስቆመው አልቻለም።

እኔን ሁለት ቀን አሰሩኝ። አንዱ ጠባቂ ደጋግሞ በጥፊ መታኝ፤ ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰማም። ክፈቺ ተባልኩ፣ ከፈትኩ ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። እትየ ዘይነብን ሲጠሯት ደረሰኙን ይዛ ሄደች። ካሴቱ የእሱ ነው፣ ድምፁም የእሱ ነው፣ የእኔ ምን አለበት ብላ ቆመች። ጓድ ሞገስ በእሷ ሱቅ የተናገርኩት ነው ሲል፣ አስተዳዳሪው «ከነጋዴ ሱቅ በየቀኑ ምን ትሠራ ነበር?» አሉት። ያ ጥያቄ ጨረሰው። ካሴቱን እሳቸው ራሳቸው ወሰዱት፤ የኡመር ግማሽ ደቂቃም አብሮ ሄደ።

በሳምንቱ ጓድ ሞገስ ወደ ሰሃላ ተመደበ። ያን ጊዜ ሰሃላ በእግር ነው የሚኬደው። ሻንጣውን አህያ ላይ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ እትየ ዘይነብ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ድምፅዋን ሳታነሣ «ጓድ ሞገስ፣ ስንቅ ላምጣልዎት?» አለችው። ቀና ብሎ አያት። ሻዩም ሳቁም ለወንድሟ እንደነበር የገባው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል። አህያውን እየነዳ አለፈ።

ሥርዓቱ ከተለወጠ ብዙ ዓመት በኋላ፣ አምደወርቅ አስተማሪ ሳለሁ፣ ታመመች ሲሉኝ ልጠይቃት መጣሁ። አልጋ ይዛ ነበር፤ ክንዷ እንደዚያ ሜትር ቀጥኗል። በልቤ ይዤው የኖርኩትን ነገር ያን ቀን አወጣሁት። «እትየ፣ ስለ ካሴቱ ለጓድ ሞገስ የነገርኩት እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ሻይ እየጠጣ እሱው ነገረኝ። ያቺ የጎረቤትሽ ልጅ ጎበዝ ናት አለኝ።»

 ገና አልጨረሰችም ነበር።

«ለዚህ ነው በአንቺ እጅ ያስከፈትኩት።»

«ቢገድሉኝስ ኖሮ?»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ያን ጊዜ ግድ አልነበረኝም፣ ልጄ» አለች። «አሁን አለኝ።» ከዚያ ትራሷን እንዳስተካክልላት ለመነችኝ፤ አስተካከልኩላት። እስኪመሽ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

በዚያው ክረምት ሞተች። ሱቁን የእህቷ ልጆች ወረሱት። እኔ አልተቀየምኳትም። በእሷ ቦታ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር። ተማሪዎቼ ተበድለው ሲመጡ፣ ባልደረቦቼ «ተዉት፣ ርሱት» ይሏቸዋል። ከእኔ አፍ ግን ይህ ቃል ወጥቶ አያውቅም።