የትልቅ ልጅ ጋሪ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ሪያድ ኤርፖርት ውስጥ አንድ ነገር ገጠመኝ... እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። ዛሬ ግን ልጻፈው፤ ካልሆነ እንቅልፍም አይወስደኝም።

የምሠራው ሪያድ ራውዳ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው። ማዳሜ ለሳምንት ዱባይ ልትሄድ ተነሳች፤ ልጇን ሉሉንና እኔንም ይዛ። ሻንጣ ስናዘጋጅ የልጅ ጋሪውን ከዕቃ ቤት ጎትታ አወጣችው። ሉሉ እኮ ስድስት ዓመቷ ነው። እኛ አገር ወሎ በዚህ ዕድሜዋ ታናሿን አዝላ ትሮጣለች እንጂ በጋሪ አትገፋም።

«ማዳም፣ ይቺን የምታህል ልጅ በጋሪ? ሰው ይስቅብናል» አልኳት።

«ኤርፖርቱ ሰፊ ነው። ከደከማት የምትሸከሚያት አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ኸላስ... በቃ ጋሪው ይምጣ» አልኩ። ወገቤን እወደዋለሁ።

እንደተባለውም ሉሉ ገና ሻንጣ ሳናስረክብ እንቅልፍ ጣላት። መብራቱ ዓይኗን እንዳይወጋት፣ እዚህ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ በጋሪው ላይ ጥቁር ሻርፕ ጣል አደረግኩበት። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ ማዳም «ሂጂ ስገጂ፣ እኔ እጠብቃታለሁ» ብላ ከሴቶች መስገጃው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰግጄ ስወጣ ማዳም የለችም። ጋሪው ግን ጥቁር ሻርፑን እንደለበሰ በሩ ጋ ቆሟል። ስልክ ልታወራ ዞር ብላ ይሆናል ብዬ ጋሪውን እየገፋሁ ልፈልጋት ሄድኩ።

መጀመሪያ የታወቀኝ ክብደቱ ነው። ይቺ ልጅ ተኝታ ትወፍራለች እንዴ ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ትንሽ እንደሄድን ሻርፑ ተንሸራተተና ላስተካክለው ጎንበስ አልኩ... ያኔ ከስር አንድ እጅ ወጥቶ ጣቴን ያዘኝ።

ቀዝቃዛ እጅ ነው። ጣቶቹ ረጃጅም፣ አጥንታም። ጥፍሮቹ ላይ አዲስ ሂና አለ። ሉሉ ሂና ሞቃ አታውቅም፤ ጣቷም ገና ድቡልቡል ነው።

«ሉሉ?» አልኩ።

ከጨርቁ ስር ቀጭን፣ ጉትት ያለ ድምፅ መለሰልኝ... በአማርኛ።

«አትሂጅ።»

ሉሉ አማርኛ አታውቅም። «ነይ» ብላት እንኳ አትሰማኝም። ይሄ ድምፅ ደግሞ የከተማ አማርኛም አልነበረም፤ እናቴ የምትናገረው፣ ያው የእኛው የወሎ ነው።

«አዝለሽኝ ሂጅ... እሽ?»

ቀና ስል ሉሉ የእናቷን እጅ ይዛ፣ ጭማቂዋን እየመጠጠች ወደ እኔ ትመጣለች። ማዳም በሌላኛው እጇ የእኛን ጋሪ ባዶውን ትገፋለች።

ቀልቤ ተገፈፈ። «አዑዙ ቢላህ» እላለሁ፣ እጁ ግን ጣቴን አይለቅም።

«ሉሉ ነቅታ ጭማቂ ልገዛላት ነው የሄድነው» አለች ማዳም። ከዚያ የያዝኩትን አየች። «አንቺ የማንን ልጅ ነው የምትገፊው?»

ሻርፑን ገለጥኩት። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ጋሪው ጠቧት እግሮቿን አጣጥፋ፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ጥላ፣ በትልልቅ ዓይኖቿ ታየኛለች። መልኳ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሐበሻ አይደለችም።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ከመስገጃው በባዶ እግሯ እየሮጠች ደረሰች። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች በአማርኛ። ልጅ ሰረቀች ከተባልኩ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬም እንጀራዬም በዚያው አበቃ ብዬ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ግን አልጮኸችብኝም። ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ሳመቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ጋሪው አንድ ዓይነት ነው። ተኝታ ነበር፤ ቶሎ ሰግደን እንወጣለን ብለን ነው እኔና እናቷ በሩ ጋ የተውናት።»

ስሟ ዘሀራ ነው፤ የከሚሴ ልጅ። የእሷም ጥፍሮች ላይ ያው ሂና አለ።

«አማርኛ ከየት አመጣችው?» አልኳት። ድምፄ ገና አልተመለሰም።

«ከእኔ ነዋ። ከተወለደች ጀምሮ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። እግሯ አልሄደላትም፣ አፏም ለዐረብኛ አልገራላትም። አፏን የፈታችው በእኔ ቋንቋ ነው። ምን እንዳለች ለቤቱ ሰው የምነግራቸው እኔ ነኝ።» የልጅቷን ሻርፕ አስተካከለችላት። «ዛሬ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ወጥቶልኝ ጠቅልዬ አገሬ መግባቴ ነው። እናቴ ታማብኛለች። ማታ ሂና ተቀባብተን አደርን... ልሸኝሽ ብላ አልቅሳ ነው የመጣችው።»

ለካ ጣቴን ይዛ የለመነችው እኔን አልነበረም። ከጨርቁ ስር ሆና የሚገፋት ማን እንደሆነ በምን ታውቃለች...

የልጅቷ እናት ከመስገጃው ወጥታ ደረሰች፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። የአዲስ አበባው በረራ ተጠራ። ዘሀራ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ግንባር ሳመች፣ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት፣ ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ዞራ አላየችም። ብትዞር አትሄድም ነበር።

ልጅቷ አላለቀሰችም። በሩን እያየች ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። እናትየው ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻት። ልጅቷ ደገመችው። እናትየው ቀና ብላ ማዳምን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«እህቴ... ምን እያለች ነው?» አለችኝ በዐረብኛ።

«ውሃ ጠማኝ ነው የምትልሽ» አልኳት።

የውሃው ጠርሙስ በእናትየው እጅ ነበር።

እኛም ጉዟችንን ቀጠልን። ሉሉ መንገዱን ሁሉ በእግሯ ሮጠችው፤ እኔ ባዶ ጋሪ ስገፋ ዋልኩ።

ያቺ ልጅ ዛሬስ ምን ጠይቃ ይሆን... ለቤቱ ሰውስ ማን ነግሯቸው?